የከተማችን የነሐስ ቅርጾች፦ ማን ሠራቸው? ማንን ያስታውሳሉ? ማን ይጠብቃቸው?



በዚህ መጽሔት ላይ ስሜን የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታዊው የሒሳብ መግለጫ ሥር ነው። በዚህ እትም ግን አዘጋጆቹ አባላት ስለ ታሪክ እንዲጽፉ ስለ ጋበዙ፣ እኔም በትርፍ ጊዜዬ ስከታተለው ስለ ቆየሁት ነገር ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። ነገሩ የነሐስ ቅርጽ ነው። ከነሐስ ተሠርቶ በቤት ግድግዳ ወይም በሐውልት ገጽ ላይ የሚለጠፈውን፣ ምስሉ ከጠፍጣፋው ወጣ ብሎ የሚታየውን ሥራ ማለቴ ነው።

በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ቅርጽ እየገዙ ሳሎናቸውን የሚያስጌጡ ብዙ ሰብሳቢዎች አሉ። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ያላት ጥቂት ናት። ቢሆንም የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ሳይገዛ የወረሰው ክምችት አለ። ከአብነት ተነሥታችሁ ጥቂቱን በእግር፣ ጥቂቱን በታክሲ በአንድ ቀን ዞራችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። እኔ ያደረግሁት በሙያዬ የለመድኩትን ነው፤ የንብረት መዝገብ ከፍቼ ምን አለ፣ የት አለ፣ ማን ሠራው፣ ምን ደረሰበት እያልኩ መዘገብኩ። መዝገቡን ስሞላ ያስተዋልኩትን ነው ከዚህ በታች የማቀርበው።

ስለ ነሐስ ጥቂት

ነሐስ ንጹሕ ማዕድን አይደለም፤ ድብልቅ ነው። ለሐውልት የሚውለው ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉ መዳብ ሲሆን የቀረው ቆርቆሮ የሚባለው ነጭ ማዕድን ነው (የቤት ክዳኑን ቆርቆሮ ማለቴ አይደለም)። መዳብ ከዚንክ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ቢጫው ዓይነት ይወጣል። ባለሙያዎች ሁለቱን ይለያሉ፤ እኛ ግን በአማርኛ ሁለቱንም ነሐስ እያልን እንጠራለን።

ቅርጹ የሚወጣበት ጥንታዊ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሠራተኛው መጀመሪያ ምስሉን በሰም ይሠራል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሰሙ በነበረበት ባዶ ቦታ የቀለጠው ብረት ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበርና ቅርጹ ይወጣል። የቅኔያችን “ሰምና ወርቅ” የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን የምናያቸው ብዙዎቹ ጥንታዊ የመስቀል ሥራዎችም በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ነሐስን ማቅለጥና ቅርጽ ማውጣት ከውጭ ተውሰን ያመጣነው ጥበብ ነው ሊባል አይችልም።

በመዝገቤ የመጀመሪያው፦ ስድስት ኪሎ

በከተማችን ካሉት የነሐስ ቅርጾች ሁሉ ከባዱን ታሪክ የያዙት በስድስት ኪሎ አደባባይ በየካቲት 12 ሐውልት ታችኛ ክፍል ዙሪያ ያሉት ናቸው። ብዙዎቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲው ወይም ወደ አንበሳ ግቢ ስንሄድ በታክሲ መስኮት አይተናቸው አልፈናል። ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው ግን የሚያስደስቱ ጌጦች አይደሉም። መሣሪያ የያዙ ወታደሮች፣ የወደቁ ሰዎች፣ የሚያለቅሱ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው የተቀረጹት።

ታሪኩ የሚከተለው ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በሆነው ቦታ፣ ለድሆች ምጽዋት ለመስጠት ሕዝብ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወዲያው ጥይቱ የተተኮሰው ምጽዋት ሊቀበል በተሰበሰበው አቅመ ደካማ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት በከተማው ሁሉ ሰው በተገኘበት ተገደለ፤ ቤቶች ሰው በውስጣቸው እንዳለ ተቃጠሉ። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብላ አስመዝግባለች፤ ነገሩን ለረጅም ጊዜ ያጠናው ታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምተዋል። በየትኛውም ቁጥር ቢሆን የጊዜው አዲስ አበባ ትንሽ ከተማ እንደ ነበረች ማሰብ ያስፈልጋል።

እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ምጽዋቱ ነው። የዚያን ዕለት የተሰበሰቡት ድሆች የተጠሩት ለእነርሱ ታስቦ አልነበረም፤ የሰጪው ስም ከፍ እንዲል ነበር። ማኅበራችን ከተቋቋመ ጀምሮ “እርዳታ ተቀባይ ሳይሆን ተቆጣቢ” የምንለው ለምን እንደሆነ አንዳንድ አዲስ አባላት ይጠይቃሉ። ደጋፊዎቻችንም ቢሆኑ ገንዘባቸውን የሚሰጡት በመዝገባችን ገብቶ፣ በጉባኤያችን ተወስኖ፣ በእጃችን እንዲሠራ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ እንዳይመስለን።

ቅርጾቹን የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ዩጎዝላቪያም በፋሺስቶች የተወረረች አገር ስለ ነበረች፣ ሠሪዎቹ የሚቀርጹትን ሐዘን ከራሳቸው አገር ያውቁት ነበር። ይኸው አውጉስቲንቺች በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ግቢ የሚታየውን “ሰላም” የተባለውን የፈረሰኛ ሐውልት ሠርቷል፤ የተተከለውም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በሐረር የነበረው የራስ መኰንን ሐውልትም የእርሱ እጅ ሥራ ነበር። “ነበር” ያልኩት በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር በተነሣው ሁከት ስለ ፈረሰ ነው። ነሐስ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ የሰው ቁጣ ግን አይችልም።

ሁለተኛው፦ ከለገሃር ሮም ደርሶ የተመለሰው

በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ የሠራው ጆርጅ ጋርዴ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። የቆመው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በ1923 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው የሚያየው አንበሳውን ነው፤ በመዝገቤ የገባው ግን መቆሚያው ነው። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ የአፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የራስ መኰንን ምስሎች ተቀርጸዋል። ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት በ1922 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ነበር፤ ሐውልቱ ሲመረቅ ከሞቱ ሰባት ወር ገደማ ሆኖአቸው ነበር ማለት ነው። ከአራቱ ምስሎች ሴት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ይህ ሐውልት ተነቅሎ ወደ ሮም ተወሰደና በዶጋሊ ለሞቱት ጣልያኖች መታሰቢያ አጠገብ ተተከለ። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ያሸነፉትን ለመበቀል መሆኑ ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰኔ ወር በዚያው ስፍራ ሰይፉን መዝዞ የተነሣው ይህን ውርደት አይቶ እንደሆነ በሕዝባችን ዘንድ ይነገራል። ሐውልቱ ከረጅም ድርድር በኋላ ተመልሶ በቦታው ቆመ። በደርግ ዘመን ይነሣ የሚል ሐሳብ ሲመጣም የቀድሞ አርበኞች ዘርዓይን እያስታወሱ ተቃወሙ፤ አንበሳውም ቀረ።

እዚህ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛ የማይረሳ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 መሠረት፣ ጣልያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳትና ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታለች። የአክሱም ሐውልት አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። ውሉ ከተፈረመ 58 ዓመት ሆኖት ነበር። በእኛ ቋንቋ ይህ “ተሰብሳቢ ሒሳብ” ይባላል። ብዙ ድርጅት እንዲህ የቆየውን “የማይሰበሰብ” ብሎ ይሰርዘዋል። ኢትዮጵያ ግን አልሰረዘችም፤ ስላልሰረዘችም ሰበሰበች። መዝገብን በትዕግሥት መያዝ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሦስተኛው፦ የጎረቤታችን

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ለእኛ ለአብነት ሰዎች ቅርቡ ነው። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ተሠርቶ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አብዮቱ አሥር ዓመት ሲሞላው ተመረቀ። ከመካከሉ ቀይ ኮከብ የተሸከመ 50 ሜትር ዓምድ ቆሞአል። በግራና በቀኝ ባሉት ግድግዳዎች ደግሞ የአብዮቱ ታሪክ በረጅሙ ተቀርጿል፤ ረኃቡ፣ ሠልፉ፣ ጦርነቱ። በኦጋዴን ለሞቱት ኩባውያን ወታደሮችም መታሰቢያ አለው።

ስለዚያ ዘመን በየቤታችን ያለው ስሜት የተለያየ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁን ያጣ አለ፤ መሬት ያገኘም አለ። እኔ ይህን ግድግዳ በመዝገቤ ያስገባሁት ወድጄው አይደለም፤ ጠልቼ ባወጣውም ሐቀኛ አልሆንም። የንብረት መዝገብ ደስ የሚለውን ብቻ ከመዘገበ መዝገብ አይባልም። በግድግዳው ላይ ሴቶችም አሉ። የተቀረጹት ግን እንደ ሕዝብ እንጂ እንደ ሰው አይደለም፤ ስም ያላት ሴት አታገኙም።

ሴቶቹ የት ናቸው?

ሦስቱንም ቦታዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ያየሁት ይህን ነው። በነሐሱና በድንጋዩ ላይ ሴት ስሟ የሚታወቀው ንግሥት ስትሆን ነው። ሌሎቹ የሚያለቅሱ፣ ልጅ ያቀፉ፣ የወደቁ ናቸው። ሐዘኑ እውነት ነው፤ ግን ያ ትውልድ ያፈራቸው ሴቶች ሥራ በዚያ አላበቃም። በጦርነቱ ዋዜማ በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ መሪነት የተሰባሰቡት የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር አባላት ለቁስለኛ ፋሻ፣ ለመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲሰፉ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አርበኞችን በገንዘብና በመረጃ ረድተዋል፤ ተይዘው ተሠቃይተዋል፤ በጣልያን አዚናራ ደሴት ታስረው ተመልሰው ዳግመኛ ወደ ትግሉ ገብተዋል። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ጦር መርተዋል። የማኅበር ሥራ፣ የስፌት ሥራ፣ ስንቅ የማቀበል ሥራ በነሐስ ላይ ለመቅረጽ አይመችም ይሆናል። ስለዚህ በሌላ መንገድ መመዝገብ አለበት።

በሌላው አገር ምን ሆነ?

በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆኑት የግድግዳ ነሐሶች የአፍሪካ ናቸው። በዛሬዋ ናይጄሪያ የቤኒን ንጉሥ ቤተ መንግሥት ዓምዶች በመቶዎች በሚቆጠሩ የነሐስ ቅርጾች ተሸፍነው ነበር። አብዛኞቹ የ16ኛውና የ17ኛው መቶ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ንጉሡ፣ ባለሟሎቹ፣ ወታደሮቹ፣ ነጋዴዎቹ ሁሉ ተቀርጸውባቸዋል፤ የአገሪቱ ደብተር ነበሩ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1897 የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ወርሮ ዘረፋቸው። ብዙዎቹ ተሸጠው በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች ተበተኑ። ከረጅም ክርክር በኋላ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2022 ባለቤትነቱን ለናይጄሪያ ለማስተላለፍ ተስማምታ የመጀመሪያዎቹን መለሰች።

እኛም ከዚያ በፊት የመቅደላን አይተናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ለመጫን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገውት ነበር። በደላንታ ሜዳ ጨረታ ተደረገ፤ የእንግሊዝ ቤተ መዘክር ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ ዋናው ገዢ ነበር፤ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ጨረታ፣ ገዢ፣ የሽያጭ ገቢ፣ ክፍፍል፤ ሁሉም በሥርዓት ነው የተሠራው። የሒሳብ አሠራሩ ንጹሕ ስለሆነ ንብረቱ ንጹሕ አይሆንም። አሮጌ ዕቃ የምትገዛ ሰው ሁሉ “ከየት መጣ?” ብላ መጠየቅ ያለባት ለዚህ ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ ያነሣሁት የእኛም ጉዳይ ስላለበት ነው። ልደታ አካባቢ የቆዩት ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ብዙ ቤተሰብ በችኮላ ዕቃውን አወጣ። የማይገባው፣ የሚከብደው፣ “አሮጌ” የሚባለው ለቆራሌው ተሰጠ፤ ከዚያም ምናለሽ ተራ ገባ። ምናለሽ ተራ የብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ ለሠራተኞቹ ክብር አለኝ። ነገር ግን ቆራሌው የሚገዛው በኪሎ ነው፤ ሚዛኑ ላይ የአባት ማስታወሻና የተሰበረ ቧንቧ እኩል ናቸው።

ከአንጋፋ አባሎቻችን አንዷ የሆኑ እናት ባለፈው ዓመት ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ሲቸግራቸው አንበሳ የተቀረጸበትን የነሐስ ሰሌዳ ሊሸጡ ቢሮአችን ይዘውት መጡ። “ቆራሌው የሰጠኝ ዋጋ ትክክል መሆኑን አይተሽ ንገሪኝ” ነበር ያሉኝ። ገልብጠን ስናየው ከኋላው በምስማር የተጫረ የአባታቸው ስምና ዓመተ ምሕረት ተገኘ። እርሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ጽሑፍ መሆኑን እንጂ ምን እንደሚል አያውቁም ነበር። ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና “ጥንድ ነበር፤ ሌላው ሲፈርስብን ሄደ” አሉ። ክፍያውን ከቁጠባና ብድራችን ተበድረው ከፈሉ፤ ብድሩንም በስድስት ወር መለሱ። ሰሌዳው ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ነው። የሄደኛው ላይ ምን ተጽፎ እንደ ነበር ግን ማንም አያውቅም።

አንዳንዶቻችሁ “የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ስለ ነሐስ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን የሚከተለው ነው፤ በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚሸጠው መዝገብ የሌለው ዕቃ ነው፤ በርካሽ የሚሸጠውም እርሱ ነው። ያለንን ማወቅ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

በቤታችሁ ነሐስ ካለ

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ ነሐስም መዳብም በማግኔት አይያዝም። ቀጥሎ ጀርባውን እዩ። ቀጭንና ከፊት ያበጠው ሁሉ ከኋላ የጎደጎደ ከሆነ ከቆርቆሮ መሳይ ሉሕ ላይ ተመትቶ የወጣ ነው፤ ወፍራምና ከባድ ከሆነ ቀልጦ የፈሰሰ ሥራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ክብር አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ይለያያል። በጀርባው ጽሑፍ፣ ማኅተም ወይም ቁጥር ካለ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ አትፈትጉት። ጥቁር ቡናማ የሆነው ገጽ ቆሻሻ አይደለም፤ ነሐሱን የሚጠብቀው እርሱ ነው። በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ካወጣ እርጥበት አግኝቶታል ማለት ነውና ከኩሽና እንፋሎትና ከሚያንጠባጥብ ግድግዳ አርቁት።

ዕቃው በእውነት ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ ሕጉን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆን ይችላል፤ ግን መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ሊወጣ አይችልም። መመዝገብ መወረስ አይደለም። ይህን የምለው አንዳንድ እናቶች ስለሚፈሩ ነው።

ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

አንደኛ፤ ከቁጠባ ደብተራችን ጎን አንድ የአደራ መዝገብ እንክፈት። እያንዳንዷ አባል ከቤቷ አንድ የቆየ ዕቃ ታስመዝግብ፤ ነሐስ ባይሆን መሶብም፣ ጀበናም፣ ፎቶም ይሁን፤ የማን እንደ ነበር፣ በማን እጅ እንዳለፈ ይጻፍ። ሁለተኛ፤ አባል በችግር ምክንያት እንዲህ ያለ ዕቃ ልትሸጥ ስታስብ ከመሸጧ በፊት የአስቸኳይ ብድር ጥያቄዋ በሳምንት ውስጥ እንዲታይ ደንባችን ላይ ይጨመር። ሦስተኛ፤ ከቤተሰቦቻችን ስለ የካቲት 12ና ስለ ስደቱ ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ አረጋውያን ገና አሉ። ልጆቻችን ይቅረጹላቸው። በስድስት ኪሎ ነሐስ ላይ ስማቸው ያልተጻፈውን ሴቶች ስም የሚነግሩን እነርሱ ናቸው፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ የሚነግረን አይኖርም።

የሰፈራችን ስም አብነት ነው፤ ትርጉሙም ምሳሌ ማለት ነው። ሐሳቡን ሌሎች እኅት ማኅበራት አይተው ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

በመጪው የካቲት 12 ጠዋት ወደ ስድስት ኪሎ አብረን እንሂድ። ከቢሮአችን በር ላይ 1፡30 ላይ እንነሣለን፤ የታክሲውን እያንዳንዳችን እንከፍላለን። ነጠላችሁን ዘቅዝቃችሁ ልበሱ፤ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅም ከእያንዳንዱ ቤት ይዛችሁ ኑ።